የዴርዴቪል ፊልምና ተከታታዮች፦ የቱ ይታይ፣ የቱ ይታለፍ

የማርቭል ኮሚክ ጀግናው ዴርዴቪል፣ በእውነተኛ ስሙ ማት መርዶክ፣ ቀን ጠበቃ፣ ማታ ጭንብል ለባሽ ነው። ልጅ ሳለ ዓይኑን ያጠፋው ኬሚካል ጆሮውን፣ አፍንጫውንና ጣቱን ከሰው ሁሉ በላይ ስል አድርጎለታል። ስታን ሊና ቢል ኤቨረት በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲፈጥሩት ልብሱ ቢጫ ነበር፤ ቀዩን ከሰባተኛው ቁጥር ጀምሮ ያለበሰው ዋሊ ዉድ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ሃይማኖቱና ቡጢው የሚጋጩበትን፣ ከመምታቱ መመታቱ የሚበዛውን ማት ግን የቀረጸው ከ1979 ጀምሮ የሣለውና በኋላም የጻፈው ፍራንክ ሚለር ነው። የ2003ቱ ፊልምም የኔትፍሊክሱ ተከታታይም የቀዱት ከሚለር ነው። ልዩነታቸው የሚጎላው ሁለት ነገር ላይ ነው፦ ማት የሚሰማውን ለእኛ እንዴት አድርገው እንዳቀረቡትና፣ ሲመታ እንደሚያመው ማሳመን መቻል አለመቻላቸው።

የ2003ቱን ፊልም የጻፈውም ያዘጋጀውም ማርክ ስቲቨን ጆንሰን ነው። ቤን አፍሌክ ማትን፣ ጄኒፈር ጋርነር ፍቅረኛውን ኤሌክትራን፣ ኮሊን ፋረል ዒላማ የማይስተውን ገዳይ ቡልስአይን፣ ነፍሱን ይማረውና ማይክል ክላርክ ደንካን የወንበዴዎቹን አለቃ ኪንግፒንን ሆነው ሠርተዋል። ሲኒማ ቤት የታየው ቅጂ 103 ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ የማት ልጅነት፣ የአባቱ መገደል፣ የኤሌክትራ ፍቅርና ሞት፣ ቡልስአይና ኪንግፒን ሁሉም ተጠቅጥቀዋል። በኮሚኩ ኤሌክትራ በ1981 መጥታ የሞተችው በ1982፣ በ181ኛው ቁጥር ነው፤ አንባቢው ከአንድ ዓመት በላይ አብሯት ከርሟል። ፊልሙ ላይ ገና ስሟን ሳንለምደው ተገድላ እናያታለን፤ ሙዚቃው ቢያለቅስም አንጀት አይበላም። ሁለቱ የተዋወቁበት የመጫወቻ ሜዳ ፋይትማ ጭራሽ አይነሣ። ማንነቱን ደብቆ የሚኖር ዓይነ ስውር ጠበቃ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ጭንብል፣ ሕፃናት እያዩት የልጆች መጫወቻ ላይ እየዘለለ ካራቴ ይገጥማል። ምስጢሩ እስከዚያን ዕለት ማታ እንኳ እንዴት እንደቆየ ደራሲው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይህን ፊልም ማየት ካለባችሁ የዳይሬክተሩን ቅጂ ፈልጉ። በ2004 የወጣ ሲሆን 133 ደቂቃ ይፈጃል። በሐሰት የተከሰሰ ደንበኛ ጉዳይ ተመልሶ ገብቶበታል፤ ተከሳሹን የሠራው ራፐሩ ኩሊዮ ነው። ማትና የሥራ ባልደረባው ፎጊ ጠበቆች መሆናቸው ለታሪኩ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ክሱን ሲከታተሉ ነው ወደ ኪንግፒን የሚደርሱት። ማትና ኤሌክትራ አብረው ያደሩበት ትዕይንት ደግሞ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በመውጣቱ የሚጎድል ነገር የለም። ከመጀመራችሁ በፊት ርዝመቱን እዩ፦ 1 ሰዓት ከ43 ካለ አጭሩ ነው፣ ተዉት፤ 2 ሰዓት ከ13 ካለ የምትፈልጉት እሱ ነው።

ፊልሙን ሙሉ በሙሉ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ማት ማታ የከተማው ጫጫታ እንዳያሳብደው ውሃ በሞላበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ ልዩ ጆሮ በሽታም እንደሆነ ይህን ያህል ባጭሩ ያሳየ የለም። ሰገነት ላይ ዝናብ ሲጀምር እያንዳንዱ ጠብታ ባረፈበት ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ ድምፅ የኤሌክትራ ፊት ተስሎ ይታየዋል። ተከታታዩ በሦስቱም ሲዝን ይህን የሚያህል የፍቅር ትዕይንት የለውም። ችግሩ ፊልሙ ይህን ዘዴ እየደጋገመ ማሟጠጡ ነው፤ ድምፅ ሁሉ ሰማያዊ የኮምፒውተር ሞገድ ሆኖ ይመጣል፣ ጆሯችን ሥራ ይፈታል። ፋይቱም በኤዲቲንግ ተቆራርጦ ማን ማንን እንደመታ አይለይም፤ ማት ከሰገነት ሰገነት ሲዘል የሚታየው የኮምፒውተር አካል ክብደት የለውም። ከክብደት አልባ ሰው ጋር ደግሞ አብሮ መፍራት አይቻልም።

የኔትፍሊክስ ተከታታይ በ2015 ሲጀምር ይህን ሁሉ ገለበጠው። ማት ዓለምን እንዴት "እንደሚያይ" የመጀመሪያው ሲዝን አንዴ ብቻ፣ በአምስተኛው ክፍል ላይ፣ እንደሚነድ እሳት አድርጎ ለሰከንዶች ያሳየናል። ሌላው ሁሉ የሚያልፈው በቻርሊ ኮክስ ፊትና በድምፅ ሥራው ነው። ኮክስ ሲያወራ ዓይኑን ሰው ላይ አያሳርፍም፤ ጆሮውን ወደ ድምፁ ያዘነብላል፣ ፊቱ ከሰውዬው ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቆያል። ሰው ሲዋሽ የልብ ምቱ ሲፈጥን እኛም እንሰማዋለን። ይህ በስልክ ስፒከር ቢታይ ግማሹ ይጠፋል፤ የልብ ምቱ ዝቅተኛ ድምፅ ስለሆነ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ደህና ሄድፎን ይበቃል። ምስሉ ጨለማ ይበዛዋልና በቀን መጋረጃ ዝጉ፤ ቴሌቪዥናችሁ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ቅንብር ካለው አጥፉት፣ ካልሆነ ፋይቱ የልምምድ ቪዲዮ ይመስላል።

የመጀመሪያው ሲዝን ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ያለው የኮሪደር ፋይት የሁሉም መለኪያ ሆኗል። የታፈነ ልጅ ለማስለቀቅ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ የሚገባው ማት አስቀድሞ የቆሰለ፣ ቁስሉ ገና የተሰፋ ነው። ካሜራው ሳይቋረጥ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ ወደ ክፍሎቹ ገባ ሲል ኮክስና ስታንትማኑ ይቀያየራሉ። ከአንዱ በር ማይክሮዌቭ እየበረረ ይወጣል። ዋናው ቁም ነገር ግን ድካሙ ነው፦ የተመቱት ወንበዴዎች ተመልሰው ይነሣሉ፣ ማት ግድግዳ ይደገፋል፣ ቡጢው ይስታል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ልጁን ይዞ ሲወጣ ያሸነፈ ሰው ሳይሆን የተረፈ ሰው ነው የሚመስለው። ማት ፊቱን የሸፈነበት ጥቁር ጨርቅም ለዚህ ይረዳል፤ ቀዩ ልብስ የሚመጣው በ13ኛው ክፍል ነው፣ ሲመጣም እንደተጠበቀው አያምርም።

ኪንግፒን ላይ ውድድር የለም። ደንካን ግርማ ሞገስ ነበረው፣ ፊልሙ ግን ሲጋራና ወንበር እንጂ ሕይወት አልሰጠውም። ቪንሰንት ዲኖፍሪዮ 13 ሰዓት ተሰጥቶት ዊልሰን ፊስክን ሲያፍር፣ ሲያፈቅር፣ ጠዋት ኦምሌቱን ሠርቶ የሸሚዙን የእጅ ቁልፍ ሲመርጥ አሳይቶናል። እራት ላይ ሳለ ያቋረጠውን ሰው በመኪና በር ጭንቅላቱን የሚደፈጥጥበት የአራተኛው ክፍል መጨረሻ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው፤ ከሴት ፊት ያፈረ ሰው ንዴት እንደሆነ ገብቶናል።

ርዝመት ሁልጊዜ አይጠቅምም። ሁለተኛው ሲዝን ጆን በርንታል ወንጀለኞችን እየገደለ የሚበቀለውን ፓኒሸርን ሆኖ በመጣባቸው የመጀመሪያ አራት ክፍሎች ምርጥ ነው፤ ከዚያ የኒንጃዎቹ ማኅበር ሲገባ ታሪኩ ይንዘላዘላል፣ ሰባትና ስምንት ክፍል ይበቃው ነበር ያሰኛል። ወደ ሦስተኛው ከመዝለላችሁ በፊት ግን ማት ከሌሎች ጀግኖች ጋር የሚሰለፍበትን የ2017ቱን ተከታታይ "ዲፌንደርስ" ቢያንስ የመጨረሻውን፣ ስምንተኛውን ክፍል እዩ። ሦስተኛው ሲዝን የሚጀምረው ማት እዚያ ላይ ከፈረሰው ሕንፃ በተረፈበት ሰዓት ነው፤ ያላየ ሰው ለምን ገዳም ውስጥ እንደተኛ ግራ ይገባዋል።

ሦስተኛው፣ የ2018ቱ፣ ከሁሉም የተሻለው ነው። በአራተኛው ክፍል ያለው የእስር ቤት ትዕይንት 11 ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ይሄዳል። ቡልስአይን ለማነጻጸርም ጥሩ ዕድል ይሰጣል፦ ፋረል ግንባሩ ላይ ዒላማ ቀርጾ በለውዝ ሰው የሚገድል አስቂኝ ወፈፌ ነበር፤ ዊልሰን ቤተል ግን ብቸኝነቱ የሚያስፈራ የኤፍቢአይ ሰው ነው። የዴርዴቪልን ልብስ ለብሶ ጋዜጣ ቤት ውስጥ በእጁ የገባውን የቢሮ ዕቃ ሁሉ እየወረወረ ሲገድል፣ ማት የሚበልጠው ሰው እንዳጋጠመው እናያለን።

በ2025 ዲዝኒ ፕላስ ላይ የመጣው የተከታታዩ ቀጣይ፣ "ቦርን አጌን"፣ የመጀመሪያ ሲዝኑ ዘጠኝ ክፍል ነው። ሥራው መሃል ላይ ቆሞ እንደገና ስለተዋቀረ ስፌቱ ይታያል፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች አንድ ዓይነት፣ መሃሉ ሌላ ዓይነት። አምስተኛው፣ የባንክ ዝርፊያው፣ ለብቻው የቆመ አዝናኝ ክፍል ነው፤ ከዋናው ታሪክ ጋር ግን ብዙም አይገናኝም። ፊስክ የኒው ዮርክ ከንቲባ መሆኑ ጥሩ ሐሳብ ነው። ፋይቱ ላይ ኮምፒውተር በዝቷል፤ የ2003ቱ ክብደት አልባ ዝላይ በትንሹ ተመልሷል። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት አስቀድሞ ማንም እንዳይነግራችሁ ተጠንቀቁ።

ዓይነ ስውር ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህም ይታወቅ፦ ተከታታዩ ሲጀምር በስክሪኑ ላይ የሚሆነውን በቃል የሚተርክ ድምፅ አልነበረውም፤ ስለ ዓይነ ስውር ጀግና የተሠራን ሥራ ዓይነ ስውራን መከታተል ስላልቻሉ ቅሬታ ተነሣ፣ ኔትፍሊክስም በዚያው ወር፣ በሚያዝያ 2015፣ ትረካውን ጨመረ።

ሁሉንም ካላየሁ ለሚል የ1989 የቴሌቪዥን ፊልም አለ፦ "የሃልክ ችሎት"። ሬክስ ስሚዝ ዴርዴቪልን በጥቁር ልብስ ሠርቶታል፣ ከኔትፍሊክሱ 26 ዓመት ቀድሞ። ርዕሱ ቃል የገባው ችሎት ግን የሚታየው በሕልም ብቻ ነው።