ዓለምን ለሁለት የሚከፍለው አፕ፦ ፊልም ምረጡበት፣ ነፍሳችሁን ግን አትስጡት

ዩኒቨርስ ስፕሊተር የሚባለውን የአይፎን አፕ ሞከርኩት። ሁለት ምርጫ ትጽፋለህ፣ ቁልፉን ትነካለህ፣ ጥያቄው ጄኔቫ ወዳለ የኳንተም መሣሪያ ይሄዳል። እዚያ አንዲት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ግማሹን ብርሃን ብቻ ወደሚያሳልፍ መስታወት ትላካለች። ካለፈች አንዱ ምርጫ፣ ከተመለሰች ሌላው።

ሳንቲም ብጥልስ? ሳንቲሙን የሚወስነው አጣጣልህ ነው። ፎቶኗ ግን ፊዚሲስቱ ሂዩ ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው ሐሳብ ከሄድን ሁለቱንም ታደርጋለች፤ ዓለም ለሁለት ቅርንጫፍ ይከፈላል፣ አንተም አብረሃት ትከፈላለህ። እዚህ «አትሂድ» ተባልክ፣ ሌላው ቅርንጫፍ ላይ ያለኸው አንተ ደግሞ «ሂድ» ተብለሃል። ለወላዋይ ሰው ግልግል ነው፤ የተውከው ምርጫ ብዙም አይቆጭህም። (ኤቨረት ልክ ከሆነ ነው እንግዲህ፤ ሁሉም ፊዚሲስት አይስማማም።)

ችግሩ፣ ዓለሙ ሁለት ስለሆነ ብቻ ዕድሉ ሃምሳ በሃምሳ የሆነ ይመስልሃል። አይደለም። መስታወቱ እኩል ስለሚያካፍል ነው። ከመቶ አንዷን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት ብታስገባበት ውጤቱ ያው ሁለት ነው፣ ክብደታቸው (የመሆን ዕድላቸው) ግን 1 ለ99። ክብደቱን የሚነግረን ፊዚሲስቱ ማክስ ቦርን በ1926 ያወጣው ሕግ ነው። ሁሉም ነገር የሚሆን ከሆነ «ዕድል» ራሱ ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ግን እስከዛሬ ያጨቃጭቃል፤ ፊዚሲስቱ ዴቪድ ዶይች በ1999 የቦርንን ሕግ ከውሳኔ አሰጣጥ አመክንዮ ሊያወጣው ሞክሯል፣ እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም።

ከዚህ የባሰው «አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሁሌም እተርፋለሁ፣ ስለዚህ አልሞትም» የሚለው ወሬ ነው። የኳንተም ዘላለማዊነት ይሉታል። ሐሳቡ እንዲሠራ ሞት ምንም ሳይሰማህ በቅጽበት መምጣት አለበት። እውነተኛ ሞት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ በመሃል ጉዳት አለ፣ ሕመም አለ፣ ራስን መሳት አለ። ሃምሳ በሃምሳ የሆነ አደጋ አሥር ጊዜ ቢደጋገም የተረፈው አንተ ክብደቱ ከ1,024 አንድ እጅ ብቻ ነው። በቀረው 1,023 እጅ ቤተሰብህ ለቅሶ ተቀምጧል፤ እነሱም የምር ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ «እንቅልፍ እየጣለኝ ልንዳ ወይስ ልደር» ብለህ እዚህ አፕ ላይ እንዳትጽፍ፤ እደር።

ለቀላል ነገር አራት ኮከብ። ክብደቱን 70 ለ30 ማድረግ ቢያስችል አምስት እሰጠው ነበር።