ባለ 40 ሊትሩ ቦርሳዬ፦ ከወራት የወበቅና የአውቶቡስ ጉዞ በኋላ

ይህን የጀርባ ቦርሳ የገዛሁት በመረቡ ምክንያት ነው። ጀርባ በሚነካበት በኩል የተወጠረ መረብ አለው፤ አየር ያስገባል፣ ላብ ይቀንሳል ተብሎ ይሸጣል። 150 ዶላር አካባቢ ወጣበት። ከዚያ ወዲህ ካርታሄና፣ ባራንኪያ፣ ጓያኪል፣ ሳንታ ክሩዝ፣ አሱንሲዮን እያለ ደቡብ አሜሪካን በአውቶቡስ ዞሯል።

እንግዲህ መረቡን ላስቀድም። ካርታሄና ወበቁ ሌሊትም አይለቅም፤ ዝም ብሎ የቆመ ሰው እንኳ ያልበዋል። እንዲህ ባለ አየር መረብ ኖረም አልኖረ ሸሚዝ መራሱ አይቀርም። ቦርሳው ከጀርባ ሲወርድ ቶሎ ይደርቃል፣ እሱ እውነት ነው። ግን መረቡን የሚወጥረው ፍሬም ወደ ውስጥ ስለጎበጠ ቦታ ይበላል። ልብስ አጣጥፋችሁ ስታስገቡ መሃል ላይ ጉብታው እምቢ ይላችኋል። በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ቦርሳ የሚሸከመው ከመናኸሪያ እስከ ማደሪያ ነው። ለዚያች አጭር መንገድ ብሎ ይህን ያህል ቦታ ማጣት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ገንዘቡን የሚያወጣው ዚፑ ነው። እንደ ሻንጣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ከቦሊቪያዋ ሳንታ ክሩዝ ወደ ፓራጓይዋ አሱንሲዮን የሚሄደው አውቶቡስ ቻኮ የሚባለውን ደረቅ ሜዳ ሲያቋርጥ ሃያ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሲብስበትም ከዚያ በላይ። ፓራጓይ ከተገባ በኋላ ማሪስካል ኤስቲጋሪቢያ ከተማ ላይ ዕቃ ወርዶ ይፈተሻል። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቦርሳው ከላይ ብቻ ነው የሚከፈተው። ፈታሹ ታች ያለውን ልይ አለው። ልጁ ካልሲውን፣ የውስጥ ሱሪውን፣ የተጀመረ ብስኩቱን ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። እኔ ዚፑን ዙሪያውን ሳብኩት፤ ፈታሹ እጁን ሰደድ አድርጎ ዳበሰና በአገጩ እለፍ አለኝ።

የቻኮ አቧራ ግን ለዚፑም አልራራለትም። ጥርሱ መግጠም አቆመ፤ ስትዘጉት ከኋላ ይከፈታል። አሱንሲዮን ሜርካዶ ኩዋትሮ ገበያ ውስጥ አንድ ጫማ ሰፊ አገኘሁ። ቴሬሬውን፣ ማለትም በበረዶ ውሃ የሚጠጣውን የማቴ ቅጠል፣ ማግ እያደረገ የዚፑን ራስ በጉጠት ፈልቅቆ አወጣውና ሌላ አስገባለት። በጥቂት ሺህ ጓራኒ። ሺህ ሲባል አትደንግጡ፣ ለቡና የሚሆን ሳንቲም ነው። እስከ ዛሬ ችግር የለበትም።

መጠኑን በተመለከተ፣ 40 ሊትር ትንሽ ይበዛል። ሞልታችሁት ከሆነ ከወንበር በላይ ያለው መደርደሪያ አይቀበለውም፤ ረዳቱ ቁራጭ ወረቀት ቆርጦ ይሰጣችሁና ታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይወረውረዋል። ጃኬት አብሮ ከወረደ ደግሞ አለቀላችሁ። እኛ አገር መስኮት ልክፈት ያለ ተሳፋሪ ብርድ ልታስመታን ነው ተብሎ ይጮህበታል። የኮሎምቢያ ባሕር ዳርቻ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ ጭራሽ አይከፈትም፣ ኤሲው ግን የሥጋ ቤት ፍሪጅ ነው። ኢኳዶር ውስጥ ከጓያኪል ኩዌንካ ስትወጡ ደግሞ ኤሲም አያስፈልግም፤ አራት ሰዓት ገደማ በሚፈጀው መንገድ አውቶቡሱ ከባሕር ወለል ተነስቶ ካሃስ ተራሮች ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ የቦርሳው አናት ላይ ያለችው ተነቃይ ኪስ ብዙ ጠቅማኛለች። ጃኬት፣ ፓስፖርትና ቻርጀር ይዛ ከእኔ ጋር ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከወራት በኋላ የውስጥ ሽፋኑ እጅ ላይ መጣበቅ ጀመረ፤ ኮምጣጣ ሽታም አመጣ። ውሃ እንዳያስገባ የሚቀባው ፖሊዩሬቴን ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይፈርሳል፤ አንዴ ከጀመረ በማጠብ አይመለስም። አሁን እንደ ቆሎ ገለባ እየተላጠ ልብሴ ላይ ይራገፋል። ለጊዜው ውስጡን በትልቅ ፌስታል አልብሼዋለሁ፣ ዝናቡንም እሱ ይከላከልልኛል። የመረቡ ስፌት፣ ማንገቻውና የወገብ ቀበቶው ግን ከላብ ጨው ነጭ ነጭ ከማለታቸው በቀር ምንም አልሆኑም።

ለአምራቹ ፎቶ አንስቼ ላኩ። በአጠቃቀም የመጣ ነው፣ ዋስትናው አይሸፍነውም አሉኝ። ቀጣዩ ቦርሳዬ 30 ሊትር፣ ፊቱ የሚከፈት፣ መረብ የሌለው ይሆናል። ከእነሱ ግን አልገዛም።