የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ማረፊያ

ተፈጥሮን ሳይጎዱ ማረፍ ለሚሹ ሰዎች፣ በሰሜን ሸዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘውን የመንዝ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከብዙ ታዋቂ መዳረሻዎች አስቀድሜ እመርጣለሁ። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ከልሎ በማቆየትና በወቅቱ ብቻ በማጨድ ቤቱን ሲከድንበት፣ ገመድና ገሳ ሲሠራበት ኖሯል፤ ማረፊያውም የዚሁ ማኅበረሰብ ነው።

ቅንጦት የሚፈልግ አይሂድ። ስንቅ ይዞ መሄድና ራስ አብስሎ መመገብ ያስፈልጋል፤ የሌሊቱ ብርድም አጥንት ይሰብራል። ነገር ግን ማለዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጆሮዋን ቀስራ፣ አንድ እግሯን አንሥታ፣ የአይጥ ጉድጓድ ስትጠብቅ ማየት፣ ጥቂት እልፍ ሲሉም ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ መስማት ድካሙን ሁሉ ያስረሳል።

ቅሬታዬ ከአዲስ አበባ መኪና ባከራየን ሰው ላይ ነው፤ ስኮርታ ጎማ አለ ብሎ ምሎ ነበር፣ ጎማው ሲተነፍስ ያገኘነው ግን ክሪክ ብቻ ነው። ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት ይህንንም፣ የመንገዱን ጸጥታም ያጣሩ፤ ቆሻሻቸውንም ይዘው ይመለሱ።