ለኦርኪድ በብርድ ወራት፦ የዛፍ ቅርፊት ወይስ ሞስ?

በብርድ አገር፣ ማሞቂያ ቀን ከሌት በሚሠራበት ቤት፣ ፋሌኖፕሲስ የሚባለውን የኦርኪድ አበባ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ውሃው ነው።

በአፈር ፈንታ በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ የተተከለው ውሃው ቶሎ ይወርድለታል፣ ሥሩም አየር ያገኛል፤ በ7 ቀን አንዴ ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ነክሮ ማንጠፍጠፍ ይበቃዋል። ሞስ (በእርጥብ ቦታ የሚበቅል ለስላሳ ዕፅ) ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ላዩ ደርቆ መሃሉ ስለሚረጥብ ያታልላል። ጣት 3 ሳንቲሜትር ያህል አስገብቶ ሳይነኩ አለማጠጣት ነው፤ ኦርኪዱ ውሃ ሳይጨመርለት 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል፣ ብርማ ግራጫ ከሆነ ጠምቶታል፤ ቡናማ ሆኖ ሲጫኑት ከላላ በስብሷል።

ማጠጣት ለሚረሳ ሰው ሞስ ይሻላል፤ እጁ አላርፍ ለሚለው (አብዛኞቻችን ነን) ቅርፊት። በሁለቱም ቢሆን በቅጠሎቹ መሃል የተኛ ውሃ አናቱን ያበሰብሳልና በሶፍት ይደረቅ። ቅጠሉ የመስኮቱን ቀዝቃዛ መስታወት አይንካ።