ለቢሾፍቱዋ የእንስሳት ሐኪም ምስጋና፣ እርግብ ለምታረቡ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። እርግብ የምታረቡ ሰዎች ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ቢሾፍቱ ውስጥ የሚሠሩ አንዲት የእንስሳት ሐኪም አሉ፣ እንቁላል መጣል አቅቷት የነበረችውን ነጯን እርግቤን ከሞት አፍ አውጥተውልኛል። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት!

ነገሩ እንዲህ ነው። እርግብ በአንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። የመጀመሪያው ወደ አመሻሽ ላይ ይመጣል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ40 ሰዓት በላይ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ። የእኔዋ የመጀመሪያውን በሰላም ጣለች። የሁለተኛው ጊዜ ግን አለፈ። ጎጆዋን ትታ ላባዋን ነፍታ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ታምጣለች፣ የሚወጣ ነገር የለም። እህል አትነካ፣ ልትነሳ ስትል እግሯ ይከዳታል። አውራው ዙሪያዋን እያንጎራጎረ ይዞራል። ማየቱ ራሱ ያስጨንቃል።

አንዱ ዘይት ቀብተን ሆዷን ጫን ጫን እናድርግላት አለ፣ ሌላው ደግሞ ለእርግብ ምን ሐኪም ያስፈልጋታል፣ ሌላ ትገዛለህ አለኝ። እኔ ያለሁት ዱከም ነው። የዶሮ መኖ የሚሸጥ ልጅ የዶክተሯን ስልክ ሰጠኝ። ቢሾፍቱ ዶሮ እርባታ የበዛበት ከተማ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ስላለ እዚያ አካባቢ ባለሙያ አይጠፋም።

ስደውል ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "የመጀመሪያውን የጣለችው ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ወንድሜ፣ ሆዷን ማንም እንዳይጫናት። እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ቅርፊቱ ይቆርጣታል፣ እንቁላሉ የሚያልፍበት ቱቦ ራሱ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። አሙቀህ ይዘሃት ና።" ካርቶን በሳሁ፣ ፎጣ አነጠፍኩ፣ የሞቀ ውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኗ አስቀመጥኩና ታክሲ ያዝኩ።

እዚያ ስንደርስ ችኮላ የለም፣ ግርግር የለም። መጀመሪያ አምፖል የበራበት ሳጥን ውስጥ አስገቧት፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ አየሩ እንዳይደርቅ ደግሞ ሙቅ ውሃ በሰሃን። ትንሽ ስትረጋጋ ጓንት አድርገው በአንድ ጣት ብቻ ሆዷን ዳበሱ። ጣታቸው ምን ያህል ቀስ እንደሚል ብታዩ! "አለ፣ ቅርብ ነው፣ ግን ቅርፊቱ ለስላሳ ነው" አሉ። የካልሲየም መርፌ ወጓት፣ መውጫዋ ላይ ማለስለሻ ቀቡና መልሰው ሙቀቱ ውስጥ አስገቧት፣ መብራቱን ከፊቷ ከለል አደረጉላት።

እየጠበቅን ሳለ አስረዱኝ። እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻው ደግሞ ካልሲየም ሲያንሰው ይደክማል። ቅርፊቱም ያው ከካልሲየም ነው የሚሠራው። በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ ብቻ የምትበላ እርግብ ካልሲየም በጣም ያንሳታል። በዚያ ላይ ክረምቱን ሙሉ ቤት ከተዘጋባትና ፀሐይ ካላገኘች ቫይታሚን ዲ ስለሚጎድላት የበላችውንም ካልሲየም በደንብ አትጠቀምበትም። ጫጩቶቿ ሳይበሩ እንደገና እየጣለች ያለ ዕረፍት የምትከርም እርግብ ደግሞ የባሰ ትጎዳለች። በመርፌውና በሙቀቱ ካልወጣስ አልኳቸው። ያኔ የእንቁላሉን ውስጥ በመርፌ መጥጠው ቅርፊቱን በማጨማደድ እንደሚያወጡት፣ ይህ ግን የሐኪም ሥራ እንጂ ቤት የሚሞከር እንዳልሆነ ነገሩኝ።

አመሻሽ ላይ ወጣላት። ቅርፊቱ እንደ እርጥብ ወረቀት የሚታጠፍ ነበር። ዶክተሯ ከእኔ በላይ ነው ደስ ያላቸው! ከፍዬ ስወጣም ሥራቸው አላለቀም፣ ማታ ደውለው ኩስ ጥላለች ወይ፣ ውሃ ጠጥታለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለአንዲት እርግብ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን በሰጡኝ ምክር መሠረት አውራውን ለጊዜው ለይቼዋለሁ፣ አርፋ ሰውነቷ ይመለስ። የእንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ፈጭቼ ለብቻው በሰሃን አቀርባለሁ፣ ራሷ የሚበቃትን ትለቅማለች። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አወጣታለሁ። እግሯ ቆሟል፣ ትበላለች።

ክፍያው አይጎዳም፣ ሥራ ሳይጀምሩ በፊት ነው የሚነግሩህ፣ ይህንንም ወድጄላቸዋለሁ። ዶሮም ሌላ ወፍም ያያሉ። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፈቅደውልኛል። እርግባችሁ እያማጠች ካልወጣላት እስከ ነገ ልያት አትበሉ፣ ያኔውኑ ደውሉ። ስትደውሉም የመጀመሪያውን እንቁላል የጣለችበትን ሰዓት አስታውሳችሁ ይሁን፣ ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው።