ለአዳማዋ ጠበቃችን፣ እግዜር ይስጥልን

መጻፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ግን ይህን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

ታናሽ ወንድሜ አዳማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። በጥር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከፍራንኮ ወረድ ብሎ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ገጨ። የሰውዬው እግር ተሰበረ። ወንድሜ ቀን ሰርግ ቤት ምሳ ሲበላ አንድ ቢራ ጠጥቷል፤ አልዋሽም። ክሱ ሲመጣ ግን «ሰክሮ ሲያሽከረክር» ይላል።

የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እሱስ ሰኞ ቀረበ። እኛ ግን ስንቅ እያመላለስን በር ላይ ያየነው መከራ! መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ገዳይ «ውስጥ ሰው አለኝ» ብሎ ለሻይ ተቀበለን። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ቀጥሎ የያዝነው ጠበቃ ቅድሚያ ክፍያ ወሰደ። የቀጠሮው ቀን ስንደውልለት ያነሳችልን የቴሌዋ ሴትዮ ናት። ሌላው ደግሞ «ባጃጁን ሽጡና ለተጎጂው ክፈሉ፤ እሱ ጋ ግን ዝር እንዳትሉ» አለን። ባጃጁ በዕቁብ የተገዛ ነው፤ ዕዳው እንኳን አላለቀም። እናቴ እህል አልቀምስ አለች።

ይቺን ጠበቃ የጠቆመችን እንጀራ የምታቀርብልን ጎረቤታችን ናት። ቢሮዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ልጅ እግር ስለሆነች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳያት ተስፋ ቆረጥኩ። መጀመሪያ የጠየቀችን «ሰውየው በሕይወት አለ?» ብላ ነው። አለ አልናት። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ 559 ነው እንጂ 543 አይደለም» አለች። ሾፌር ሁሉ በቁጥር የሚያውቃቸው የወንጀል ሕግ አንቀጾች ናቸው አሉ። በቸልተኝነት ሰው ከቆሰለ 559፣ ከሞተ 543። ጠጥቶ ራሱን የሳተ ሾፌር ሰው ከገደለማ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዋ «ሆስፒታል ሄዳችሁ ጠይቃችሁታል?» የሚል ነበር። አቀረቀርን። ያ የፊተኛው ሰውዬ፣ ባጃጁን ሽጡ ያለን፣ ዝር አትበሉ ብሎናላ! «ነገ ሂዱ። ስለ ክሱ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ። ዝም ብላችሁ ጠይቁት» አለችን። ብርቱካን ይዘን ሄድን። እናቴ የተጀሶውን እግር ይዛ አለቀሰች። የሰውዬው ሚስት ወንበር አመጣችላት። ለካሳውም ቢሆን ጠበቃችን፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚገባው ለዚህ ነው፣ ባጃጅ አይሸጥም አለችን። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ምን እንደምትሠራ ያን ቀን ገባኝ።

ችሎቱ የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው። እኛ የገበያውን ኦሮምኛ እንችላለን፤ የችሎቱ ግን ሌላ ነው። ለወንድሜ አስተርጓሚ አስመደበችለት፤ መብትህ ነው፣ አትከፍልበትም ብላ። ለእናቴ ደግሞ ራሷ አስተርጓሚ ሆነች። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ታስቀምጣትና «እማማ፣ ዛሬ እንዲህ ተባለ፣ ቀጥሎ እንዲህ ይሆናል» ትላታለች። ሌላ ባለጉዳይ ቆሞ ይጠብቃታል። አትቸኩልም። እናቴ ያን ቀን ማታ ትበላለች። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የትራፊክ ፖሊሱ ሲመሰክር «አፉ መጠጥ ይሸት ነበር» አለ። እሷ ብድግ አለችና በጣም ረጋ ብላ «በመሣሪያ ለክተውት ነው ወይስ በአፍንጫዎ?» አለችው። ሰውዬው ዝም አለ። ቆይቶ «በአፍንጫዬ» አለ። ከኋላችን አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊደብቅ ሲታገል ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙ የሕግ ነገር አልገባኝም፤ የስካሩ ነገር ግን ወደቀ።

ሙሉ በሙሉ ነጻ ወጣ አልላችሁም። በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተብሏል፤ ማታ ያለ መብራት ፈጥኖ ነው የነዳው፣ ጥፋቱም ነው። እስሩ ግን በገደብ ሆነለት፤ ቤቱ ገባ። ሰውየውን መጠየቃችንም ቅጣቱ ሲወሰን ተነስቶለታል። ክፍያዋን ገና ከመጀመሪያው ቁርጡን ነግራናለች፣ ደረሰኝም ሰጥታናለች። ደረሰኝ! ከዚያ ሁሉ ለሻይ ለምናምን በኋላ ያቺን ወረቀት እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣታለች።

የመኪና ጉዳይ የገጠማችሁ፣ ባካችሁ በር ላይ ለሚጠብቅ ሰው ብር አትስጡ። እሷ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ። ስሜን አታውጪ ስላለችኝ እዚህ አልጻፍኩትም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጠይቁኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ችሎት ስለምትሆን አታነሳም። ከሰዓት ደውሉላት።