የቺካጎ ዳውንታውን የእግር ጉብኝት፣ የሌለውን ህንጻ ያየንበት

ወንድም ጋሼ ከአዲስ ሊጠይቀን መጥቶ ስለነበር የድሮ ህንጻዎችን በእግር ከሚያስጎበኙ ሰዎች ጋ ቡክ አርጌ ወሰድኩት። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ግን አስጎብኚዋ ቀስ ብላ ነው የምታወራው እኔም እየተረጎምኩለት ተግባባን።

ከሁሉም ልቤን የነካው ስቴትና ራንዶልፍ ጎዳናዎች ጥግ ላይ የቆምንበት ነው። ስንት ዓመት ተሳፋሪ ያወረድኩበት ቦታ፣ ለካ የፍሪሜሰኖች (የቆየ የወንዶች የወንድማማችነት ማህበር ነው) ህንጻ፣ ሜሶኒክ ቴምፕል የሚባለው፣ እዛ ነበር! በ1892 ያለቀ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ 21 ፎቅ፣ 302 ጫማ ማለት 92 ሜትር፣ ከ1895 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከቺካጎ ህንጻ ሁሉ ረጅሙ። የነደፉት በርንሃምና ሩት የሚባሉ አርክቴክቶች ናቸው፣ ሩት ግን ህንጻው ሳያልቅ በ1891 ጥር ላይ ሞተ፣ ይሄ በጣም አሳዘነኝ።

ፍሪሜሰን ሲባል እኛ ጋ ወሬው ብዙ ነው፣ ወንድም ጋሼም ወዲያው "ኢሉሚናቲዎቹ አይደሉም እንዴ" አለኝ። ግን ማህበርተኞቹ የሚሰበሰቡት ላይኞቹ ፎቆች ላይ ነው፣ ታችኞቹ ሱቅ ናቸው ከዛ በላይ ቢሮ፣ መሀሉ ክፍት ሆኖ ቀና ስትሉ እስከ መስታወት ጣራው ድረስ ይታያል ሱቆቹም ዙሪያውን፣ አሁን የቦሌ ሞሎች እንደሚሰሩት ማለት ነው። 14 ሊፍት ነበረው፣ አናቱ ላይ ደግሞ መናፈሻ፣ በ1893ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ጊዜ እንግዳው እዛ ወጥቶ ከተማውንና ሐይቁን ያይ ነበር።

ታዲያ 50 ዓመት እንኳን አልሞላውም። ሊፍቱም ምኑም አርጅቶ ተከራይ የሚፈልገውን መስጠት አቃተው፣ ከዛ ስቴት ስትሪት ስር የባቡር መንገድ ሊቆፈር ሆነ፣ መሰረቱን ማጠናከር ብዙ ብር የሚጠይቅ ስለነበር በ1939 አፈረሱት። በምትኩ ምን ቢሰሩ ጥሩ ነው? ጂ ፕላስ 1 ሱቅ! 21 ፎቅ አፍርሰው። አሁን የቆመው ጆፍሪ ታወር የመጣው በ2008 ነው።

ወንድም ጋሼ ፒያሳ ነው ያደገው፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፣ እዛ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ቀረ እኔም አልጠራሁትም።

ቅሬታዬ አንድ ነው። የህንጻውን የድሮ ፎቶ በታብሌት ነው ያሳዩን፣ ፀሐዩ እያንጸባረቀ ግማሹ ሰው ምንም አላየም፣ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳንቆም ቀጥሉ ተባልን። ሌላ ህንጻ ላይ ቆመን እናየዋለን፣ የፈረሰው ላይ ግን ፎቶው ነው ያለን፣ ትልቅ አርገው በወረቀት ቢያትሙት ምን ነበረበት።

በተረፈ ከ5 አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ሲያልቅ ላሳል ጎዳና ላይ ያለውን ሩከሪ የሚባል ህንጻ ግቡበት፣ የነዚሁ የበርንሃምና የሩት ስራ ነው በ1888 የተሰራ፣ እሱ አልፈረሰም።